የበረዶ ባር ቲኬቱን ያዋጣል?

የበረዶ ባር የሚባለው ነገር ሲገላለጥ አንድ ሰፊ ማቀዝቀዣ ክፍል ነው። ግድግዳው፣ ባንኮኒው፣ ወንበሩ፣ አንዳንዴም ብርጭቆው ሳይቀር ከበረዶ ተጠርቦ ይሠራና ቤቱ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ አካባቢ ይያዛል። ጎብኚው በር ላይ ካባና ጓንት ይሰጠዋል፣ ይገባል፣ አንድ መጠጥ ይጠጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይወጣል። እንደ መጠጥ ቤት ከመዘናችሁት ሁሉም ይወድቃሉ፦ የመጠጡ ምርጫ ጠባብ ነው፣ መቀመጫው አያስቀምጥም፣ የተሰጠው ሰዓትም አጭር ነው። በማቀዝቀዣነቱና በጠራቢዎቹ ሥራ ሲመዘን ግን በጥሩውና በመጥፎው መካከል ያለው ርቀት የሰማይና የምድር ያህል ነው። የቱ የቱ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ከገቡ በኋላ ሁለት ደቂቃ ይበቃል፤ የት እንደሚያዩ ካወቁ።

ነገሩ የመጣው ከሰሜን ስዊድን ነው። ኪሩና ከምትባለው ከተማ አጠገብ፣ ዩካስያርቪ በምትባል መንደር፣ ከቶርነ ወንዝ በሚቆረጥ በረዶ በየክረምቱ የሚታነጽና በጸደይ ቀልጦ ወደ ወንዙ የሚመለስ ሆቴል አለ፤ አይስሆቴል ይባላል። በ1994 እ.ኤ.አ. ከአብሶሉት ቮድካ ጋር በመተባበር በውስጡ የበረዶ ባር ተከፈተ። በ2002 ያው ሐሳብ ወደ ስቶክሆልም ወርዶ ዓመቱን ሙሉ የማይዘጋ ባር ሆነ፤ በ2005 ለንደን ተከተለች። ከዚያ ወዲህ ዱባይ፣ ላስ ቬጋስ፣ ባርሴሎና የባሕር ዳርቻ ላይ ሳይቀር ተዛምቷል። ውጭው በሞቀ ቁጥር ገበያው ይደራል፤ ለማሽኑ ግን ሥራው በዚያው ልክ ይከብዳል።

መጀመሪያ የሚታየው በረዶው ራሱ ነው። ወንዝ ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ ብሎ ይረጋል። ከሥር የሚፈስሰው ውሃ አየሩንና ማዕድኑን እየጠረገ ስለሚወስድ የሚረጋው ንጹሕ ውሃ ብቻ ይሆናል። ለዚህ ነው የቶርነ በረዶ እንደ መስታወት ወዲያ ማዶ የሚያሳየው። በረዶው በመጋቢት ወር፣ ውፍረቱ ወደ አንድ ሜትር ሲጠጋ በመጋዝ ይቆረጣል፤ አንዱ ብሎክ ወደ 2 ቶን ይመዝናል፤ በጋውን በቀዝቃዛ መጋዘን ያሳልፋል። ወንዝ የሌላቸው ባሮች ይህንኑ በማሽን ያስመስላሉ። ማሽኑ ውሃውን ከሥር ብቻ ያቀዘቅዛል፣ ከላይ ደግሞ ትንሽ ፓምፕ ውሃውን ሳያቋርጥ ታንቀሳቅሰዋለች፤ በረዶው ወደ ላይ እያደገ ሲሄድ አየርና ማዕድን ወደ ላይኛው ውሃ ይገፋሉ። ሦስት አራት ቀን ፈጅቶ ሲያልቅ የተረፈው ቆሻሻ ውሃ ከላዩ ይወገዳል። የሚገኘው 1 ሜትር በ50 በ25 ሳንቲ ሜትር የሚያክል፣ ወደ 115 ኪሎ የሚመዝን ጥርት ያለ ብሎክ ነው። በጥድፊያ በተራ ማቀዝቀዣ የተሠራ ብሎክ ግን ከየአቅጣጫው ስለሚረጋ አየሩ መሄጃ አጥቶ መሐል ላይ ይታሰራል። በብሎኩ ልብ ውስጥ ነጭ ደመና ካያችሁ ባለቤቱ የቆጠበው እዚያ ላይ ነው።

ቀጥሎ መጋጠሚያውን እዩ። ጥሩ ጠራቢ ሁለቱን ፊት በሞቀ የአሉሚኒየም ሳህን አሽቶ ፍጹም ካስተካከለ በኋላ በትንሽ ውሃ ያጣብቃቸዋል፤ የሚቀረው መስመር ከፀጉር አይወፍርም። ፊቱ ሳይስተካከል የተገጠመ ከሆነ ክፍተቱን በረጠበ የበረዶ ብናኝ ይሞሉታል፤ ይህ ጣት የሚያህል ነጭ ስፌት ሆኖ ይታያል። (አይስሆቴል ራሱ በረዶና ብናኝ ቀላቅሎ ግድግዳ ይሠራል፤ ያ ግን ነጭ ሆኖ እንዲታይ ታስቦ ነው፣ ነውር ለመሸፈን አይደለም።) ብሎኩ ውስጥ ድር የመሰለ ስንጥቅ ካለ ደግሞ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ከሆነ መኪና ወርዶ ሳያርፍ ውሃ ነክቶታል። በረዶ ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ አይችልም። ክፍሉ ውስጥ አድሮ ከአየሩ ጋር እኩል እስኪሆን መጠበቅ ያስፈልግ ነበር።

አስመሳዮቹም አሉ። ግድግዳው ላይ ስስ የበረዶ ልባስ ብቻ ይለጥፋሉ፣ ባንኮኒውን ከአክሪሊክ ፕላስቲክ ሠርተው ከሥሩ ሰማያዊ መብራት ያበሩበታል። ጓንታችሁን አውልቁና አንድ ጣት ለሦስት ሰከንድ አሳርፉበት። በረዶ ሙቀትን ከአክሪሊክ በብዙ እጥፍ ስለሚያስተላልፍ ጣትን ወዲያው ያቀዘቅዛል፣ ከጣት ሥርም ይረጥባል። አክሪሊክ ደረቅ እንደሆነ ይቀራል። ልባስ መሆኑ ብቻውን ማጭበርበር አይደለም፤ በረዶ በሜትር ኩብ 917 ኪሎ ስለሚመዝን 2.5 ሜትር ከፍታና 25 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግድግዳ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ከ570 ኪሎ በላይ ነው፤ ይህን ጭነት የማይችል ወለል ብዙ ነው። ነገር ግን ማስታወቂያው «ሁሉም ከበረዶ» ካለ፣ ሁሉም ከበረዶ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የበረዶ ባር ጠላት ከሙቀት ይልቅ እርጥበት ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀትና በ60 በመቶ እርጥበት አንድ ሜትር ኩብ አየር 14 ግራም ገደማ ተን ይሸከማል። ከዜሮ በታች 5 ላይ መሸከም የሚችለው 3 ግራም ከምናምን ብቻ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚገባው እያንዳንዱ ሜትር ኩብ አየር 10 ግራም ያህል ውሃ የሆነ ቦታ መጣል አለበት ማለት ነው። አንዱ መጣያ የማቀዝቀዣው መጠምጠሚያ፣ ማለትም ቅዝቃዜውን የሚሰጠው የተጠማዘዘ ቱቦ ነው፤ ሌላው የተቀረጸው በረዶ። ሰዎቹ በትንፋሻቸው የሚጨምሩት አለ፤ እያንዳንዱ ቆሞ የሚያወራ ሰው ደግሞ 100 ዋትና ከዚያ በላይ ሙቀት ይለቃል፤ 40 ሰው ሲገባ 4 ኪሎዋት የሚበልጥ ማሞቂያ ክፍሉ ውስጥ እንደ ማብራት ነው።

ውጤቱ በዓይን ይታያል። ጥርት ያለው ግድግዳ አመዳይ ለብሶ ነጭ ይሆናል፣ ከኋላው ያለው መብራት ይደበዝዛል፣ ቅርጹ ጠርዙን ያጣል። ለዚህ ነው ጥሩ ቤት ድርብ በር የሚሠራው። ጎብኚዎች መጀመሪያ ትንሽ መተላለፊያ ክፍል ውስጥ ይገባሉ፣ የኋላው በር ይዘጋል፣ ከዚያ የፊተኛው ይከፈታል። ሁለቱም በር ባንድነት ተከፍቶ ሰው ሲተራመስ ካያችሁ ከውስጥ የሚጠብቃችሁ ምን እንደሆነ ገምቱ። ጠንቃቃ ቤት ማታ ከተዘጋ በኋላ ወይም ጠዋት ሳይከፈት ግድግዳውን ለብ ባለ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ወይም በሙቅ አየር መንፊያ ያብሰዋል፤ አመዳዩ ይጠፋና በረዶው እንደገና ያንጸባርቃል። የቀኑን የመጀመሪያ ሰዓት ምረጡ የምንለው ለዚህ ነው። ቅዳሜ ማታ የመጨረሻው ዙር ላይ ያው ባር፣ በዚያው ዋጋ፣ ሌላ ባር ነው።

መጠምጠሚያው ላይ የሚከማቸውም አመዳይ በቀን ብዙ ጊዜ መቅለጥ አለበት። ያኔ ማራገቢያው ይቆማል፣ መጠምጠሚያው ይሞቃል፣ ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ክፍሉ ቅዝቃዜ አያገኝም። ዙሩን በአግባቡ የሚያቅድ ቤት ይህን በጎብኚዎች መካከል ባለው ክፍተት ይጨርሳል። ጣሪያው ከማሽኑ ሥር ሲያንጠባጥብ፣ ወለሉም ከዚያው ግድም ተንሸራታች መስታወት ሲሆን ካያችሁ አላቀደም። በረዶን የሚያበላሸው እርጥበት ብቻ አይደለም፤ ደረቅ ነፋስም ሳያቀልጠው በቀጥታ ወደ ተን ይለውጠዋል። ማራገቢያው ፊት ለፊት የቆመ ሐውልት በሳምንታት ውስጥ አፍንጫው ይሾላል፣ ጆሮው ይሳሳል። ስለዚህ የበረዶ ቅርጽ ዕድሜ አለው፤ መቼ እንደታደሰ ጠይቁ፤ መልሱን ማወቅ የማይፈልግ ሠራተኛ ራሱ መልስ ነው።

ወደ ብርጭቆው እንምጣ፣ የቤቱ ምርጥ ነገር እሱ ነውና። ከበረዶ የተሠራው ብርጭቆ ግድግዳው አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወፍራል፣ የሚይዘው መጠጥ ግን ጥቂት ነው። ለአንድ ሰው ብቻ ያገለግላል። በጓንት በሁለት እጅ ይያዛል፤ በባዶ እጅ ከያዛችሁት ውጭው ይቀልጥና ያዳልጣል። ከዜሮ በታች 5 ላይ ከንፈር አይጣበቅም፤ በጣም ከቀዘቀዘ ማስቀመጫ ወዲያው የወጣ ብርጭቆ ግን ሊይዝ ይችላል፤ ነጭ አመዳይ ካለው አንድ ደቂቃ ጠብቁት። ባንኮኒው ላይ ስታስቀምጡት አይጎዳም። ከውጭ የመጣ ሞቃት ጠርሙስ ወይም ተራ ብርጭቆ ግን በረዶውን አቅልጦ ክብ ጉድጓድ ይሠራል፣ ውሃውም መልሶ ይረጋና እዚያው ያጣብቀዋል። ባንኮኒው በክብ ጠባሳ የተሞላ ከሆነ አስተናጋጆቹ ጠርሙሱን ከእንጨት መደርደሪያ ላይ ማቆም ትተዋል።

ብርጭቆው ውስጥ የሚሆነው ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ይገርማል። 40 በመቶ አልኮል ያለው ቮድካ የሚረጋው ከዜሮ በታች 27 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ከብርጭቆው ጋር ሲገናኝ ብርጭቆውን ከውስጥ ይበላዋል፤ በረዶው እየሟሟ ይገባበታል፣ ሲሟሟም ሙቀት ስለሚስብ መጠጡ ከክፍሉ ይልቅ ይቀዘቅዛል። በቂ ጊዜ ቢያገኝ ከ12 እስከ 14 በመቶ ድረስ ይቀጥናል። መጠጡ መጨረሻ ላይ ውሃ ውሃ የሚለው አስተናጋጁ ስላጭበረበረ አይደለም። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጠጥታችሁ ጨርሱት፤ በዚያው ብርጭቆ ሁለተኛ የምታስቀዱ ከሆነ ከሥሩ አለመሳሳቱን በብርሃን አይታችሁ ይሁን። የክፍል ሙቀት ያለው ጭማቂ በቀጥታ የሚያንቆረቁር አስተናጋጅ ካጋጠማችሁ ደግሞ ጠጋ ብላችሁ ስሙ፦ ቀጭ የምትል የስንጥቅ ድምፅ ትመጣለች፣ ከዚያ መጠጡ በጓንቱ ላይ ይወርዳል። ጥሩ ቤት ቅልቅሉን ቀድሞ አዘጋጅቶ እዚያው ክፍል ውስጥ ያቀዘቅዘዋል።

የመጠጥ ዝርዝሩ ጠባብ የሆነውም በዚሁ ሳይንስ ነው። ቢራ ከዜሮ በታች 2 ወይም 3 ላይ መርጋት ይጀምራል፣ ጭማቂ ከዚያም ቀድሞ፣ ወይን ከዜሮ በታች 5 ላይ ጭቃ ጭቃ ይላል። የሚቀረው ቮድካ፣ ሮምና የመሰሉት ከፍራፍሬ ሽሮፕ ጋር ተቀላቅለው ነው። ቅዝቃዜ ሽታንም ጣፋጭነትንም ስለሚያደነዝዝ ሽሮፑን ያበዙታል፤ እዚያ ደህና የመሰላችሁ መጠጥ ውጭ ቢቀርብ አፍ የሚያጣብቅ ነበር። ለውድ መጠጥ ተጨማሪ መክፈል እዚህ ገንዘብ መጣል ነው፤ ምላሳችሁ ልዩነቱን አይነግራችሁም። አልኮል የማይጠጣ ሰው የሚሰጠው የፍራፍሬ ቅልቅል በደቂቃዎች ወደ ደቃቅ በረዶነት ይለወጣል፤ ለልጆች ይህ እንዲያውም ደስ ይላል፣ ማንኪያ ጠይቁ። ትኩስ መጠጥ የሚያቀርብ ካለ በወረቀት ኩባያ ነው፤ በበረዶ ብርጭቆ ማንም አይሞክረውም።

ካባው ከጭንቅላት እስከ ጉልበት ይሸፍናል፣ ጓንቱ ብዙ ጊዜ በገመድ ተያይዟል። ከመልበሳችሁ በፊት እጃችሁን ወደ ውስጠኛው ገበር አስገቡና ደረቅ መሆኑን እዩ። ቀኑን ሙሉ ከሰው ወደ ሰው ስለሚዘዋወር ይረጥባል፤ የረጠበ ገበር ብርድ አይከላከልም፣ ይሸታልም። ካባው የማያድነው እግርን ነው። ቅዝቃዜ የሚገባው ከወለሉ በጫማ ሶል በኩል ነውና ሰንደልና ስስ ሸራ ጫማ ያደረገ ሰው አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ጣቶቹ ይቆፍናሉ። ወፍራም ሶል ያለው ዝግ ጫማና የሱፍ ካልሲ ይበቃል። ሱሪ ረጅም ይሁን። ይህን በድረ ገጹ ላይ በግልጽ የጻፈ ቤት ስለ ጎብኚው ያስባል፤ ብዙዎቹ ግን ካባውን ብቻ ነው የሚያወሩት።

የሚሰጠው ጊዜ በብዛት 40 ወይም 45 ደቂቃ ነው። ስግብግብነት ይመስላል እንጂ ክፍሉ ከዚያ በላይ ሰው ሊሸከም አይችልም፤ ጎብኚውም ቢሆን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ወደ በሩ ማየት ይጀምራል። አልኮል የቆዳን ደም ሥር ስለሚከፍት ሞቀኝ ያሰኛል፣ ሰውነት ግን በዚያው ሙቀቱን እያጣ ነው። «ሁለት ብርጭቆ በአንድ ቲኬት» የሚለውን ጥቅል የማንመክረው ለዚህም፣ ሁለተኛው ብርጭቆ ከመጀመሪያው አንድም አዲስ ነገር ስለሌለውም ነው። ፀጉራም ካፖርት የሚያስለብሰው ውድ ጥቅልም ፎቶ ላይ ያምራል እንጂ ከካባው ይበልጥ አያሞቅም። አስም፣ የልብ ሕመም ወይም ጣቶቹ በብርድ ነጭ የሚሆኑበት ሰው ይቅርበት፤ ካልሆነም በአሥር ደቂቃ ይውጣ።

ፎቶን በተመለከተ፦ ስልካችሁን ከውስጥ ኪስ፣ ሰውነት አጠገብ ያዙ፤ ባትሪ በብርድ ቶሎ ይዳከማልና 30 በመቶ ይዞ የገባ ስልክ ድንገት ሊጠፋ ይችላል። ፍላሽ አጥፉ፤ የትንፋሽ ጭጋግ ላይ እየነጠረ ፎቶውን በነጭ ነጠብጣብ ይሞላዋል። ሰማያዊው የኤልኢዲ መብራት ፊትን የሬሳ መልክ ስለሚሰጥ ነጭ ወይም ቢጫ መብራት ያለበትን ጥግ ፈልጉ። አንዳንድ ቤቶች የራሳቸውን ፎቶ አንሺ አቁመው የጎብኚውን ካሜራ ይከለክላሉ፤ ይህ ከቲኬቱ በፊት መነገር ያለበት ነገር ነው፤ በር ላይ ስትደርሱ ብቻ ከተነገራችሁ በዚያው መልሳችሁ ገንዘባችሁን ጠይቁ። ከመውጣታችሁ በፊት ስልኩንም ካሜራውንም በላስቲክ ከረጢት ጠቅልላችሁ አፉን እሰሩ፤ ውጭ ሃያ ደቂቃ ሳይፈታ ይቆይ። ያለዚያ የውጭው አየር እርጥበት ጤዛ ሆኖ ሌንሱ ላይ፣ ባስ ሲልም ውስጡ ይቀመጣል። መነጽር ያላችሁም በሩ ላይ ለጊዜው ማየት ያቅታችኋል፤ ደረጃ ካለ መጀመሪያ መነጽሩን ጥረጉት።

የትኛው ይመረጥ? ከቻላችሁ ክረምት ላይ ዩካስያርቪ ድረስ ሂዱና የወንዙን በረዶ በምንጩ እዩት፤ እዚያ ባሩ ከሆቴሉ ክፍሎችና ከአዳራሹ ሥራ ጋር ስለሚታይ ቲኬቱ ያዋጣል ብቻ ሳይሆን ይረክሳል። በበጋ ለሚሄድ ደግሞ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ እዚያው ዩካስያርቪ ዓመቱን ሙሉ የሚቆም ክፍል አለ፤ በጋ ላይ ፀሐይ በማትጠልቅበት አገር ማሽኑ የሚሠራው በፀሐይ ኃይል ነው፤ ቅዝቃዜ በሚያስፈልግበት ሰዓት ፀሐይዋም አለች። ከከተማ ባሮች መካከል በረዶውን ከየት እንደሚያመጣ የሚናገረውን፣ ድርብ በር ያለውንና በአንድ ዙር የሚያስገባውን ሰው የሚወስነውን ምረጡ። የገበያ ማዕከል ጥግ ላይ ያለ፣ ግድግዳው ነጭ የሆነ፣ ወንበሩ አክሪሊክ የሆነ ቤት ከሆነ ልጆች ካልያዛችሁ በቀር እለፉት። አንድ ነገር ግን በሁሉም ላይ አትለፉ፦ ስትገቡ የበሩን የውስጥ ገጽ እዩ። ማቀዝቀዣ ክፍል ነውና ያለ ቁልፍ፣ ያለ ሠራተኛ እርዳታ፣ ከውስጥ በመግፋት ብቻ መከፈት አለበት፤ መግፊያው በአመዳይ ከተጋገረ ወይም ፊቱ ካባ ከተከመረበት ለሠራተኛው ተናገሩና እስኪስተካከል መተላለፊያው ላይ ቆዩ።